የአሮጌው ማሲ ፈርጉሰን 135 የውሃ ፓምፕ ማንጠብጠብ ጀምሯል፤ ቀዳዳዋን ልድፈናት ወይስ ፓምፑን ልፍታው?

የፎገራ ማሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። አባቴ ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው የፎገራ ረባዳ መሬት ላይ ለሩዝና ለሽንኩርት የሚያርስበት አንድ ማሲ ፈርጉሰን 135 አለን። ይህ ዓይነት ትራክተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ድረስ በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ ሲሠራ የነበረ ነው፤ የእኛው ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል።

ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከፋኑ ጀርባ ካለው የውሃ ፓምፕ ሥር ብረቱን ተከትሎ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር ጠዋት ጠዋት አያለሁ፤ መስመሩ ሲደርቅም ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጣሳ ውሃ ነበር የምጨምርለት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ነገሩን ቀላል አድርጌ ሳየው ቆይቼ በኅዳር ወር ለግማሽ ቀን እርሻ ሁለት ሊትር ያህል መጨመር ግድ ሆነብኝ። የሙቀት መለኪያው ቀስትም በአስፋልት ላይ ስንሄድ በቦታው ይቆይና ማረሻው መሬት ሲይዝ ወደ ቀዩ ይጠጋል።

ትራክተሩን ያየልኝ አንድ መካኒክ በፓምፑ አካል ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በእንጨት ቁራጭና በሲሊኮን እንድደፍናት መከረኝ፤ እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። ማንጠብጠቡ በእርግጥ ቆመ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሲነሳ ከፋኑ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ መሰማት ጀመረ። የበልግ እርሻ ከመድረሱ በፊት መፍትሔ ማግኘት እፈልጋለሁ። ፓምፑን በእጄ ፈትቼ ማደስ ይቻለኛል? ወይስ ሙሉውን መለወጥ ይሻላል?

ቶርኖ ቤት

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያን እንጨት ዛሬውኑ አውጣው፤ ትራክተሩንም ፓምፑ እስኪታደስ ድረስ አታስነሳው። ያች ቀዳዳ በስህተት የተበሳች ወይም ዝገት የከፈታት አይደለችም፤ ፓምፑን የሠራው ፋብሪካ ሆን ብሎ የተዋት ናት።

በፓምፑ ውስጥ አንድ ሻፍት አለ፤ በፊት ጫፉ ፑሌጃውን (ቺንጋው ማለትም ቀበቶው የሚያዞረውን መዘውር) እና ፋኑን ተሸክሟል፣ በኋላ ጫፉ ደግሞ ኢምፔለር የሚባለውን ውሃ ገፊ ክንፍ ይዟል። ሻፍቱ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ (በቤሪንግ) ላይ ነው፤ በኩሽኔታውና በክንፉ መካከል ደግሞ የውሃ ሲሉ ተቀምጦ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ ይጠብቃል። ማንጠብጠቢያዋ ቀዳዳ የተበሳችው ልክ በሲሉና በኩሽኔታው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው፤ ሲሉ አርጅቶ ውሃ ማሳለፍ ሲጀምር ውሃው ኩሽኔታው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእርሷ በኩል ወደ ውጭ እንዲወርድ ማለት ነው። መውጫውን ስትዘጋበት ውሃው ሌላ መንገድ ስለሌለው ወደ ኩሽኔታው ገባ፣ ግራሶውን አጠበው፣ አሁን የምትሰማው ማጉረምረምም ያለ ግራሶ ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት ድምፅ ነው። ቀዳዳዋን መድፈን የሚያስነቅፍ ምክር ነው፤ ይህን ስል መካኒኩን ለመውቀስ ፈልጌ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ምክር በየጋራዡ ስለሚሰጥና ብዙ ፓምፕ ስላበላሸ ነው።

ሁለት ነገር ተመልክተህ ጻፍልኝ። ሞተሩ እንደቆመ ፋኑን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አነቃንቀው፤ ምን ያህል ይላወሳል? ቺንጋውንስ በረጅሙ ክፍሉ መሐል ላይ በአውራ ጣትህ ብትጫነው ምን ያህል ይገባል?

የፎገራ ማሳ

ጋሼ፣ ስለ ፈጣን መልስዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እንጨቱን አውጥቼዋለሁ፤ ከቀዳዳዋ ሁለት ማንኪያ ያህል ዝገት የመሰለ ውሃ ከጥቁር ግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። ፋኑ በጫፉ ላይ ሲለካ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ይላወሳል፤ በእጄ ቀስ ብዬ ሳዞረውም በጣቴ ላይ የአሸዋ ስሜት ይሰማኛል። ቺንጋው ግን እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ነው፤ በጣቴ ብጫነው ምንም አይገባም ማለት ይቻላል። ይንሸራተታል ብዬ ባለፈው ዓመት ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ቶርኖ ቤት

ሥሩን አገኘኸው። ሲሉን ብቻ ለውጠህ ቺንጋውን በዚያ ውጥረት ብትመልሰው አዲሱም ሲል በአንድ ወቅት እርሻ ያልቅ ነበር። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሻፍቱን ያለማቋረጥ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ኩሽኔታው በዚያ ጎን ይበላል፣ ሻፍቱ መወዛወዝ ይጀምራል፣ የሲሉ ሁለት ገጾችም እኩል መገናኘት ያቅታቸዋል። ለእነዚህ ሞተሮች ቺንጋው በረጅሙ ክፍሉ መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊሜትር ያህል እንዲገባ ተደርጎ ነው የሚወጠረው። በዚያ መጠን ተወጥሮ የሚንሸራተት ከሆነ ቺንጋው አርጅቷል ወይም ዘይት ነክቶታል፤ መድኃኒቱም መለወጥ ነው።

የፖሊ ልጅ

በጋሼ ትንታኔ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ መጨመር የምፈልገው ማረሻው መሬት ሲይዝ ሙቀቱ ለምን እንደሚወጣ ነው፤ ምክንያቱም ፓምፑ ታድሶም ይህ ችግር ሊቀር ይችላል።

የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቴርሞስታት በ80 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምር ከሆነ፣ ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱና ውሃው በሚፈላበት መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው ማለት ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 7 የሚል ቁጥር ከተጻፈበትና ጎማው ደህና ከሆነ በውስጥ ያለውን ግፊት በ7 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ከፍ ስለሚያደርገው፣ በእኛ ከፍታም ቢሆን ውሃው እስከ 107 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ባሕር ዳር ላይ የሚያመጣው ጣጣ ምጽዋ ወይም አሰብ ላይ ከሚያመጣው ይከፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም።

ለፓምፑም ቢሆን የክዳኑ ጉዳይ ከውጭ የሚታይ ብቻ አይደለም። ክንፉ ውሃውን በሚስብበት በኩል ግፊቱ ከሌላው ቦታ ያንሳል፤ ውሃው ሊፈላ በተቃረበ ጊዜ መጀመሪያ አረፋ የሚፈጠረው እዚያ ነው። አረፋዎቹ ወደ ክንፉ ጫፍ ሲደርሱ ይፈርሳሉ፣ ሲፈርሱም ብረቱን በጥቃቅኑ ይቦረቡሩታል። ፓምፑን ስትፈታው የክንፉ ጫፍ እንደ ማር እንጀራ ተበልቶ ካገኘኸው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ በራዲያተሩ ፊት ያሉትን ክንፎች በፋና አይተህ አረጋግጥ። በሩዝ ማሳ የሚሠራ ትራክተር በገለባና በአቧራ የተደፈነ ራዲያተር ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እየረጨህ እጠበው እንጂ ቆሻሻውን በፊት በኩል ወደ ውስጥ አትግፋው።

ጣና ዳር

የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ ወንድሞቼ ቅር እንዳይላችሁ። እኔ በሐይቁ ዳርቻ በመስኖ ቲማቲም የማለማ ሰው ነኝ፤ ጊዜ ስለሌለኝ ባለፈው ዓመት ሙሉ አዲስ ፓምፕ ገዝቼ አስገጠምሁ። በአንድ ቀን ሥራዬን ጀመርሁ፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በስድስት ወሩ እርሱም ማንጠብጠብ ጀመረ። ሲፈታ የተገኘው ነገር ፑሌጃው ከሌሎቹ ፑሌጃዎች መስመር አራት ሚሊሜትር ወደ ፊት ወጥቶ የተገጠመ መሆኑ ነው፤ ቺንጋው ዳር ዳሩ ተበጣጥሶ ነበር። ስለዚህ አዲስ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ፣ የክንፉን ስፋትና የፑሌጃውን ርቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይለካ። ይህን ካደረገ አሁንም መለወጥ ይሻላል እላለሁ፤ ማደስ ፕሬስ (ብረትን በኃይል የሚጫን መሣሪያ) እና ልምድ ይጠይቃል።

ቶርኖ ቤት

ጣና ዳር የተናገሩት ስለ መለካቱ እውነት ነው። በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ፤ የቀድሞው የፓምፑ አካል ወፍራምና ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ጥሩ ብረት ነው፣ ካልተሰነጠቀና ሲሉ የሚቀመጥበት ቦታ በዝገት ካልተበላ ሌላ ዘመን ይሠራል። የሚያልቁት በውስጡ ያሉት ናቸው፤ እነርሱም «ኪት» ተብለው በአንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ። ፕሬስ የሌለው ሰው ፈትቶና አጥቦ፣ የመጫኑን ሥራ ብቻ በአንድ ቶርኖ ቤት ማሠራት ይችላል።

ልጄ፣ አሁን ስለ አሠራሩ ልጻፍልህ፤ ይህን ክፍል ደጋግመህ አንብበው።

ውሃውን ከራዲያተሩም ከሞተሩም አውርደህ፣ ቺንጋውን፣ ፋኑንና የጎማ ቱቦዎቹን አውጣ። የፓምፑ ብሎኖች ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ሰካው። የማይፈታ ብሎን ካጋጠመህ በጉልበት አትስበረው፤ ዙሪያውን አሙቀህ፣ ናፍጣ አጠጥተህ፣ ማግስቱን ሞክረው።

ፓምፑ ከወጣ በኋላ አንድም ነገር ሳትፈታ በካሊብሮ (ሚሊሜትር በሚለካው መሣሪያ) ሁለት ልኬት ውሰድና ወረቀት ላይ ጻፍ፦ የፑሌጃው ማቀፊያ ከፓምፑ አካል ፊት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እንዲሁም ክንፉ ከፓምፑ የኋላ ገጽ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ። መጽሐፍ ባይኖርህ እንኳ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መጽሐፍ ይሆኑሃል። ክንፉ በጣም ከራቀ ውሃውን አይገፋም፣ በጣም ከቀረበ ብረቱን ይፍቃል።

ፑሌጃውን በመንቀያ አውጣው፤ በመዶሻ የተመታ ፑሌጃ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ አይዞርም። ኩሽኔታውን የያዘውን የብረት ቀለበት በፒንሳ ካወጣህ በኋላ የፓምፑን አካል በደንብ አስደግፈህ ሻፍቱን ከክንፉ በኩል ወደ ፊት በፕሬስ ግፋው፤ ክንፉ ከኋላ ይቀራል፣ ሻፍቱ ከኩሽኔታዎቹ ጋር በፊት በኩል ይወጣል። አሮጌውን ሲል ከዚያ በኋላ አውጥተህ አካሉን ንጹሕ ብረቱ እስኪታይ ድረስ አጽዳው፤ ማንጠብጠቢያዋንም ቀዳዳ በሽቦ ጎርጉረህ ክፍት መሆኗን በዓይንህ አረጋግጥ።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ ዋናው ምሥጢር አንድ ነው፦ ኃይሉ በኩሽኔታው ኳሶች ውስጥ ማለፍ የለበትም። ኩሽኔታውን በሻፍቱ ላይ ስትጭን የውስጡን ቀለበት ግፋ፤ ወደ አካሉ ስታስገባ የውጩን ቀለበት ግፋ። ፑሌጃውን ስትጭን የሻፍቱን የኋላ ጫፍ አስደግፍ፤ ክንፉን ስትጭን ደግሞ የሻፍቱን የፊት ጫፍ አስደግፍ። አካሉን አስደግፈህ ከጫንህ ገና ያልሠራውን ኩሽኔታ ታቆስለዋለህ፤ ከወር በኋላም «ኪቱ የማይረባ ነው» ትላለህ። ኩሽኔታው ወደ አካሉ በቀላሉ እንዲገባ አካሉን በፈላ ውሃ ውስጥ አቆየው። የፖሊ ልጅ እንደነገረን ውሃችን በ94 ዲግሪ ቢፈላም ይበቃል፤ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀዳዳ በ70 ዲግሪ ልዩነት ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፣ ይህም በመዶሻና በእጅ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስለ ሲሉ ለብቻው ልናገር። የሲሉ አንዱ ገጽ ጥቁር ካርቦን ነው፣ ሌላው ነጭ ሴራሚክ፤ ሁለቱም እንደ መስታወት የተወለወሉ ናቸው፣ ስፕሪንግ አንዱን በሌላው ላይ ይጫነዋል። ውሃን የሚያግዱት በመካከላቸው በሚቀረው እጅግ ስስ የውሃ ሽፋን እየቀዘቀዙ ነው። ስለዚህ ገጾቹን በጣትህ አትንካ፣ ግራሶ አትቀባቸው፣ ሲሊኮን አታስጠጋቸው፤ ከተነኩ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጋቸው። የሴራሚኩን ጎማ በሳሙና ውሃ አርጥበህ በእጅህ እኩል አስገባው። ያለ ውሃም ሞተሩን ለአፍታ እንኳ አታስነሳ፤ ደረቅ ሲል በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

የፎገራ ማሳ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ትናንት ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ካለ ቶርኖ ቤት አስፈትቼዋለሁ። አሮጌውን ሲል እጄ ላይ ይዤ በፀሐይ ሳየው ጥቁሩ ገጽ እንደ ሙዚቃ ሸክላ ክብ ክብ ጭረት አለው፤ በጭረቶቹ ውስጥም ቀይ ደለል ተቀምጧል። በሻፍቱ ላይ ኩሽኔታው በነበረበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለ። ክንፉ ጫፉ ላይ ጥቂት ከመበላቱ በቀር ደህና ይመስላል። ሻፍቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ልመልሰው ወይስ?

ቶርኖ ቤት

አታለስልሰው። ያለሰለስኸው ሻፍት ይቀጥናል፣ ኩሽኔታው በላዩ ላይ ይዞራል፣ ቦዩም እንደገና ይጀምራል። አዲስ ሻፍት ከኪቱ ጋር ይመጣል፤ ካልመጣ ደግሞ ከጥሩ ብረት እንዲቆረጥልህና ልክ በኩሽኔታው መጠን እንዲወጣ አድርግ። ክንፉን መልሰው፤ በአዲሱ ሻፍት ላይ ግን በእጅ የሚገባ ከሆነ ልክ አይደለም ማለት ነው፣ ተጭኖ ብቻ መግባት አለበት።

ስለ ቀዩ ደለል፣ ለራዲያተሩ ከየት ነው ውሃ የምትቀዳው?

የፎገራ ማሳ

ከጉማራ ወንዝ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከማሳው ዳር ከቆመው ውሃ።

ጣና ዳር

ይህን እኔ ልመልሰው፤ ለሃያ ዓመት የከፈልሁበት ትምህርት ስለሆነ። ጉማራም ርብም በክረምት የሚያወርዱት ውሃ ሳይሆን የተሟሟ አፈር ነው ማለት ይቻላል። በባልዲ ቀድተህ ብታሳድረው በማግስቱ በሥሩ የሚቀመጠውን ታየዋለህ፤ ያ ጭቃ በየቀኑ በሲሉ ገጾች መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል፣ የቀረውም በሞተሩ የውሃ ክፍሎች የኋላ ጥግ ይረጋል። እኔ በነሐሴ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅሜ በጨርቅ አጥልዬ ለዓመት አስቀምጣለሁ። የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ በተለየ ነጭ ቅርፊት አይሠራም። አንተ ካየኸው ነጭ ቅርፊት በመነሳት የጉድጓድ ውሃም ሳይገባበት አልቀረም።

የፖሊ ልጅ

አንቲፍሪዝ መጨመርንም አስብበት። ባሕር ዳር ላይ በረዶ ስለማይሠራ አያስፈልግም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለእኛ የሚጠቅመን በውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ የመፍያ ነጥቡንም ሰባት ስምንት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ቴርሞስታቱንም «ሙቀት ያበዛል» ብሎ የሚያስወጣህ ሰው ካለ አትስማው፤ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል።

የፎገራ ማሳ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ኪቱን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጥቼ፣ መጫኑን በቶርኖ ቤቱ ባለሙያ እጅ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሁለቱን ልኬቶች እያነበብሁለት አሠርቻለሁ። ጉርኒሲዮኑን (በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ከጉርኒሲዮን ወረቀት ራሴ ቆረጥሁት፤ ብሎኖቹንም በተቃራኒ አቅጣጫ እየተዘዋወርሁ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ከራዲያተሩ ፊት ያወጣሁት የሩዝ ገለባ አንድ ኩንታል ከረጢት ሥር ሞላ። ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት የውስጡን ጭቃ አጥቤ ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርሁለት።

የመጀመሪያው ቀን ከማንጠብጠቢያዋ ቀዳዳ አራት አምስት ጠብታ ወረደና ደነገጥሁ። ማታውን ደረቀ። ከዚያ ወዲህ 30 ሰዓት ያህል አርሻለሁ፤ አንድ ጣሳ ውሃ አልጨመርሁም፣ ቀስቱም ማረሻው መሬት ሲይዝ እንኳ ከመሐል ብዙ አልወጣም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ እያለ በፓምፑ ሥር በጣቱ ይዳስሳል፤ ጣቱ ደረቅ ሆኖ ሲመጣ ደስታው ይታያል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ቺንጋው አዲስ ነው፣ በ10 ሚሊሜትር ወጥሬው ነበር፣ አሁን ግን 15 ያህል ይገባል። የሆነ ስህተት ይኖር ይሆን?

ቶርኖ ቤት

የለም፣ ልጄ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የሲሉ ሁለት ገጾች እርስ በርስ እስኪላመዱ ነው፤ አዲስ ቺንጋም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይለጠጣል። የዳይናሞውን ብሎን አላልተህ ወደ 10 ሚሊሜትር መልሰው፤ ከሌላ 10 ሰዓት ሥራ በኋላ ደግመህ ለካው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም። ሞተሩ በሚሞቅበት ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈተው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው ከአፉ ጥቂት ዝቅ ያለ ቢሆን ይበቃል። ለአባትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።